ከባንክ ጣሪያ እስከ ኮሌጅ ወንበር፦ የአንዲት የሥነ ፈለክ መምህርት ጉዳይ

ይህ የአንዲት አሜሪካዊት የሥነ ፈለክ ተመራማሪና የኮሌጅ መምህርት ጉዳይ ነው። በጉዳይ ጥናት ልማድ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቦታውን፣ ተቋሙንና ዓመቱን ግን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ታሪኩ ለሕዝብ የወጣ ስለሆነ ማንነቷን ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ አይደክምም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላጥራ። በእኛ አፍ «ኮከብ ቆጣሪ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ዕጣ ፈንታ የሚናገር ሰው ነው። ይህቺ ሴት በእርግጥ ኮከብ ስትቆጥር ኖራለች። የቆጠረችው ግን በሰዓት፣ በቴሌስኮፕና በሂሳብ ነው። የማንንም ዕድል ተናግራ አታውቅም።

ስለ እሷ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ጅራታም ኮከብ ያገኘች ሴት» ተብሎ ያልቃል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ጣጣ ነው። ኮከቡን ለማየት አንድ ምሽት በቃት። ያየችው እሷ መሆኗን ለማስመዝገብ ግን አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ሙያዋና የማስተማር ዘዴዋ የተከፈቱት በዚህ በር ስለሆነ፣ ጽሑፉ እዚያ ላይ ረዘም ብሎ ይቆማል።

መነሻው፦ ደሴቱና ሰዓቱ

ናንታኬት ከማሳቹሴትስ ጠረፍ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዓሣ ነባሪ አደን ዋና ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል። ከዓሣ ነባሪ የሚወጣው ዘይት የአሜሪካንና የአውሮፓን ፋኖስ ያበራ ነበር። ወንዶቹ አንዴ መርከብ ከተሳፈሩ ሦስትና አራት ዓመት አይመለሱም። ሱቁንም፣ ሂሳቡንም፣ ልጆቹንም ይዘው የሚቆዩት ሴቶቹ ናቸው።

ባለጉዳያችን እዚህ ተወለደች፤ ኦገስት 1 ቀን 1818። ከ10 ልጆች 3ኛዋ ናት። ቤተሰቡ ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች ሴት ልጅም እንደ ወንድ መማር አለባት ብለው የሚያምኑ ክርስቲያኖች ናቸው። አባቷ መምህር ነበር፤ ኋላ ላይ የባንክ ገንዘብ ያዥ ሆነ። ማታ ማታ ደግሞ ሰማይ ያያል። ለደሴቲቱ ሰዎች ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በውቅያኖስ መሐል ያለች መርከብ የት እንዳለች ለማወቅ ሁለት ነገር ትፈልጋለች። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀች ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ይሰላል። የምሥራቅና የምዕራቡ ርቀት ግን ትክክለኛ ሰዓት ይጠይቃል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ የመርከቡ ሰዓት 4 ደቂቃ ቢሳሳት ካፒቴኑ ያለበትን ቦታ በ1 ዲግሪ ይስታል። ምድር ወገብ ላይ ከሆነ ይህ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 111 ኪሎ ሜትር የሳተ ካፒቴን «ሰፊ ባሕር ላይ ነኝ» ብሎ ተኝቶ ቋጥኝ ላይ ሊነቃ ይችላል።

መርከቦቹ ለዚህ ሲሉ ክሮኖሜትር የሚባል ጥንቁቅ ሰዓት ይዘው ይወጣሉ። እሱም ቢሆን በቀን ጥቂት ሰከንድ መቅደሙ ወይም መዘግየቱ አይቀርም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ ከጉዞው በፊት በከዋክብት ይለካል። ይህን ሥራ ለደሴቲቱ መርከቦች የሚሠራው አባትየው ነበር። ልጅቱም አጠገቡ ቆማ ተማረች።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1831 ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። አባት በቴሌስኮፑ ሲያይ ልጅ ሰከንድ ትቆጥር ነበር። 12 ዓመቷ ነው። ውጤቱ ቤታቸው በየትኛው የኬንትሮስ መስመር ላይ እንዳለ፣ ማለትም የምሥራቅና የምዕራብ ርቀቱን፣ ለማስላት አገለገለ። ሌላ ቤት ቢሆን ልጅ ግርዶሽ አየች ተብሎ ያልፍ ነበር። እዚህ ቤት ግን ቆጠራዋ የሂሳቡ አካል ሆነ። 14 ዓመት ሲሞላት መርከበኞች የሰዓታቸውን ስሌት አምነው ይሰጧት ነበር ይባላል።

ትምህርቷ በዚያው ደሴት ላይ ተጀምሮ እዚያው አለቀ። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ለሴት በሩን የከፈተ ኮሌጅ ከሞላ ጎደል አልነበረም። በ1835 በ17 ዓመቷ የራሷን ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። ነጭ ያልሆኑ ልጆችንም ተቀበለች። የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለይቶ በሚያስተምርበት ጊዜ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት የደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆና ተቀጠረች። እዚያ 20 ዓመት ሠራች። ዩኒቨርሲቲዋ ይህ ቤት ነው። አንባቢ በማይበዛበት ሰዓት ወፍራም ወፍራም የሂሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት እያወጣች ለራሷ ታነብ ነበር። በ1846 ከተማውን የበላው ታላቅ እሳት ቤተ መጻሕፍቱንም አቃጠለው። ሕንፃው ብዙ ሳይቆይ እንደገና ተሠራ፤ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ችግሩ፦ ማየትና ማስመዝገብ

ኦክቶበር 1 ቀን 1847። ቤተሰቡ የሚኖረው አባትየው በሚሠራበት ባንክ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ ትንሽ የኮከብ ማያ ቦታ አለ። በዚያ ምሽት ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ። እሷ ከእንግዶቹ መሐል ሹልክ ብላ ጣሪያ ላይ ወጣች።

ቴሌስኮፑ ትንሽ ነው። መነጽሩ 3 ኢንች፣ ማለትም 7 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሰሜን ኮከብ 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ትናንት ያልነበረ ደብዛዛ ነጥብ አየች። ያንን ሰፈር በቃሏ ታውቀዋለች። ደብዛዛው ነገር እንግዳ መሆኑን ለመለየት ካርታ አላስፈለጋትም። ወርዳ ለአባቷ ነገረችው። እሱም ወጥቶ አየ፤ ጅራታም ኮከብ ነው አለ።

ከዚህ በኋላ ነው ጉዳዩ የሚወሳሰበው። አባት ወዲያውኑ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንጻፍ አለ። ልጅ ቆይ አለች። እርግጠኛ መሆን ፈለገች፤ ሌላ ሰው ቀድሞ አይቶት ይሆናል ብላም ሰጋች። ይህን ጥንቃቄ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጨዋነትም አለበት፣ ፍርሃትም። በመጨረሻ አባትየው ኦክቶበር 3 ለሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ (የኮከብ ማያ ተቋም) ዳይሬክተር ደብዳቤ ጻፈ። ከደሴት የሚወጣ ደብዳቤ ደግሞ ጀልባ ይጠብቃል።

በዚያው ኦክቶበር 3 በሮም የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ኦብዘርቫቶሪ ዳይሬክተር የነበረ ቄስ ያንኑ ኮከብ አየ። ኦክቶበር 7 አንድ እንግሊዛዊ አየው። ኦክቶበር 11 ሀምቡርግ ላይ ያለች ሌላ ሴት አየችው። የሮሙ ዜና አውሮፓን ቶሎ አዳረሰ። የናንታኬቷ ሴት ስም ግን ገና አትላንቲክን አልተሻገረም።

ወሬው ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚህ ያበቃ ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ በ1831 ሽልማት አቋቁሞ ነበር። በቴሌስኮፕ ብቻ የሚታይ አዲስ ጅራታም ኮከብ መጀመሪያ ላገኘ ሰው የወርቅ ሜዳሊያ ይሰጣል። ሽልማቱ ግን ደንብ አለው። ያገኘው ሰው በመጀመሪያው ፖስታ እንግሊዝ አገር፣ ግሪኒች ለሚገኘው የንጉሣዊ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ መጻፍ አለበት። እሷ አልጻፈችም። አባቷም የጻፈው ለሃርቫርድ ነው። በደንቡ ፊደል ከሄድን ጉዳዩ ተበላሽቷል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ጉዳዩን ያነሳው የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ነው። ሰውዬው ቀደም ሲል በእንግሊዝ የአሜሪካ አምባሳደር ነበር። ለማን እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል። እሷ ብትጽፍ ደብዳቤው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀር እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው የሙያው መንገድ ነው። የሽልማቱን ጉዳይ ለሚመለከተው፣ በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ሥር በነበረችው በአልቶና ከተማ ለሚኖር ዴንማርካዊ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጻፈ። ሰውዬው የዘመኑ ዋና የሥነ ፈለክ መጽሔት አዘጋጅም ነበር። ሁለተኛው የዲፕሎማሲ መንገድ ነው። በኮፐንሃገን የአሜሪካ ተወካይ ጉዳዩን ለዴንማርክ መንግሥት እንዲያቀርብ አደረገ።

መከራከሪያው ቀላል ነበር። ደንቡ ተጥሷል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የደንቡ ዓላማ ማን መጀመሪያ እንዳየ ማረጋገጥ ነው። ይህ ደግሞ በኦክቶበር 3 ደብዳቤ ተረጋግጧል። ደብዳቤው የሮሙ ዜና ወደ አሜሪካ ሊደርስ በማይችልበት ቀን የተጻፈ ስለሆነ፣ ሰምታ ነው የሚል ጥርጣሬ አይነሳም።

ይህን ስመለከት የሚገርመኝ ያቺ አንዲት ወረቀት የተሸከመችው ነገር ነው። በጽሑፍ የቀረ ምስክር ባይኖር ኖሮ «አባቴም አይቷል» የሚል ቃል ብቻ ይቀራት ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል ደግሞ ማንም ከአባት ይጠብቀዋል።

ዓመቱም ለነገሩ አመቺ አልነበረም። ሽልማቱን ያቋቋመው ንጉሥ ከሞተ ቆይቷል። ተተኪው በጃንዋሪ 1848 ሞተ። ዴንማርክ በዚያው ዓመት ጦርነት ውስጥ ገባች። እንዲህም ሆኖ ውሳኔው ወጣ፤ ሜዳሊያው በ1848 ለእሷ ተሰጠ። በላዩ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ፣ የከዋክብትን መግባትና መውጣት የምንከታተለው በከንቱ አይደለም የሚል ነው።

የተከፈቱት በሮች፣ ገርበብ ያሉትም

በዚያው 1848 የአሜሪካ የጥበብና የሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት። የምስክር ወረቀቱ ግን ለወንድ ነበር የታተመው። የአባልነቱን ሙሉ ማዕረግ የሚያሳየው ቃል ተሰርዞ «የክብር አባል» የሚል በእጅ ተጻፈበት። አካዳሚው ከእሷ በኋላ ሴት እስኪመርጥ 1943 ደረሰ።

በ1849 ሥራ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ለመርከበኞች የሚያዘጋጀው የሰማይ ሰንጠረዥ አለ፤ አልማናክ ይሉታል። እያንዳንዱ ፕላኔት በየትኛው ቀን የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይሰላል። እሷ ቬነስን እንድታሰላ በዓመት 300 ዶላር ተቀጠረች። ደሴቷ ላይ፣ ቤቷ ተቀምጣ ሠርታ በፖስታ ትልካለች። ከቤት መሥራት የኮሮና ዘመን ፈጠራ ለሚመስለው ሰው ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ሥራውን 19 ዓመት ያዘችው።

በ1857 አውሮፓን ለመጎብኘት ሄደች። በየሄደችበት የሚቀበሏት ሊቃውንት ነበሩ፤ ሜዳሊያው ሥራውን ሠርቷል። ሮም ስትደርስ ግን ሌላ ሆነ። ለማየት የፈለገችው የኢየሱሳውያኑን ኦብዘርቫቶሪ ነው። ጅራታሙን ኮከብ ከእሷ በኋላ ያየው ቄስ ይመራው የነበረው ቦታ ማለት ነው። ቄሱ በ1848 ሞቷል። ቦታው ሴት አያስገባም ነበር። ለማስፈቀድ ጉዳዩ እስከ ሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደረሰ። ፈቃዱ ተገኘ፤ ግን ለቀን ብቻ። ሳይመሽ መውጣት አለባት። የሥነ ፈለክ ባለሙያ ኦብዘርቫቶሪ በቀን እንድትጎበኝ ተፈቀደላት። ምግብ ቤት ገብቶ ሜኑውን ብቻ አይቶ እንደመውጣት ነው።

ኮሌጁ

ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ፖኪፕሲ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ለሴቶች እውነተኛ ኮሌጅ እከፍታለሁ ብሎ ሀብቱን አወጣ። ቫሳር ኮሌጅ ነው። በሴፕቴምበር 1865 በሩን ሲከፍት ባለጉዳያችን የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰርና የኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ ነበረች። 47 ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ገብታ ተምራ አታውቅም። የገባችበት የመጀመሪያ ኮሌጅ የምታስተምርበት ሆነ።

ኦብዘርቫቶሪው በግቢው ከተጠናቀቁት ሕንፃዎች ቀዳሚው ነው። ቴሌስኮፑ 12 ኢንች ነበር፤ በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ። ከባንኩ ጣሪያ ላይ ከነበረው በስፋት አራት እጥፍ ነው። ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ ደግሞ በስፋቱ ልክ ሳይሆን ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚጨምር፣ 4 ጊዜ 4፣ 16 እጥፍ ይሆናል። እሷና በዕድሜ የገፋው አባቷ እዚያው ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ መኖር ጀመሩ።

*የሠራው ነገር*

የማስተማር ዘዴዋ ከባንኩ ጣሪያ የመጣ ነው። ተማሪ አንድ ነገር ስትናገር መልሳ የምትጠይቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሳል፦ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያነበብሽው ወይስ ራስሽ አይተሽ? ተማሪዎቹ የፕላኔትን መንገድ ራሳቸው ያሰላሉ። ተወርዋሪ ኮከብ በሚበዛበት የኖቬምበር ሌሊት ብርድ ላይ ቆመው ይመዘግባሉ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይን በመስታወት ላይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ጥቁር ነጠብጣቦቿ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚጓዙ ለማየት።

ማርክ መስጠት አትወድም ነበር። ምክንያቷ ደስ ይላል። የሰው አእምሮ መለኪያ አሃድ የለውም፤ ስለዚህ በቁጥር አይለካም ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰከንድ ስትለካ የኖረች ሴት ናት ይህን የምትለው። ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ የምታውቅ ሰው ናት ብዬ እወስደዋለሁ። የቀሩ ተማሪዎችን መዝግቦ ማሳወቅም አይጥማትም ነበር።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ከምረቃ በፊት፣ በኦብዘርቫቶሪው ጉልላት ሥር ግብዣ ታዘጋጃለች። ጠረጴዛዎቹ በቴሌስኮፑ ዙሪያ ይደረደራሉ። ለእያንዳንዷ ተማሪ ስለ ራሷ የተገጠመ አጭር ግጥም ይነበባል። ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ተመራቂዎቹ ግን ከዓመታት በኋላም ለዚህ ግብዣ ይመለሱ ነበር።

ውጤቱ በተማሪዎቿ ይታያል። አንዷ በኋላ ቦታዋን ተረክባ ኦብዘርቫቶሪውን መራች። አንዷ በታወቀው የቴክኖሎጂ ተቋም በኤም አይ ቲ የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሆና ገባች፤ ኬሚስትም ሆነች። አንዷ በሎጂክና በሥነ ልቦና ስም አተረፈች። ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቿ አንዷ ሃርቫርድ ገብታ የከዋክብትን ብርሃን በመመደብ ሥራ ታወቀች። ሁሉም ወደ ሰማይ አልሄዱም። የያዙት ዘዴውን ነው።

*ያልሠራው ነገር*

ትልቁ ቴሌስኮፕ እንደታሰበው አልሆነም። መነጽሩ ጉድለት ነበረበት፤ ተፈትቶ እንደገና መታረም ነበረበት። ባለትንሽ መነጽሯ የናንታኬት ልጅ ጅራታም ኮከብ አግኝታ፣ ባለትልቁ ፕሮፌሰር ለጥገና ገንዘብ ደብዳቤ ስትጽፍ ማየት ትንሽ ያስቃል።

የኮሌጁ ደንብም ከሥራው ጋር ይጋጭ ነበር። ሴት ተማሪዎች ማታ በጊዜ መተኛት አለባቸው። ከዋክብት ደግሞ የሰዓት እላፊ አያውቁም። በዚህ ላይ ስትሟገት ኖራለች።

ከሁሉ የባሰው ደመወዙ ነው። የተቀጠረችው በዓመት 800 ዶላርና ማደሪያ ከነቀለቡ ነበር። ወንዶቹ ፕሮፌሰሮች ከዚህ ከእጥፍ በላይ ያገኛሉ። ከነሱ መሐል የአውሮፓ ንጉሥ የሸለመው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ሠራች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሌላዋ ሴት ፕሮፌሰር፣ ከኮሌጁ ሐኪም ጋር ሆና ጥያቄውን አቀረበች። ጭማሪ ተገኘ። የተገኘው ግን ያለ ግፊት የመጣ አይደለም። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ ኮሌጁ ለሴቶች የተከፈተ መሆኑ ለሴት ሠራተኛ ፍትሐዊ ክፍያ እንዲያስብ አላደረገውም።

አንድ ጉዞ፣ አንድ የጠፋ ሻንጣ

ኦገስት 7 ቀን 1869 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ተማሪዎቿን ይዛ አዮዋ ግዛት፣ በርሊንግተን ድረስ ሄደች። ተሳካ።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። ጁላይ 29 ቀን 1878 የሚሆነው ግርዶሽ በኮሎራዶ ያልፋል። ከእህቷና ከቀድሞ ተማሪዎቿ ጋር ወደ ዴንቨር ተነሳች። መንገድ ላይ ሁለት የባቡር ኩባንያዎች ተጣልተዋል። በዚህ ጠብ ምክንያት ሻንጣቸው በኮሎራዶዋ ፑዌብሎ ከተማ ቀረ። ቴሌስኮፖቹ ደረሱ፤ መነጽሮቹ የሉም። መነጽር የሌለው ቴሌስኮፕ ባዶ ቧንቧ ነው። ግርዶሽ ደግሞ ሻንጣ አይጠብቅም።

ቴሌግራም ሲላክ፣ ሲጠየቅ፣ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። መነጽሮቹ በመጨረሻ ደረሱ። ዝናቡም በቀኑ ተወ። ሴቶቹ ከዴንቨር ውጪ አንድ ኮረብታ ላይ ቴሌስኮፖቻቸውን ተክለው፣ አንዷ ሰዓት እየቆጠረች፣ ሌሎቹ እያዩ መዘገቡ። ሰከንድ የምትቆጥር ሴት አለች፤ ልክ በ1831 እንደነበረው።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሙያ ሊወሰድ ይችላል የምለው ይህ ነው።

ቀዳሚው ቀኑን መጻፍ ነው። ሜዳሊያውን ያተረፈው ግኝቱ ብቻ አይደለም፤ ቀን ያለበት፣ በሦስተኛ ወገን እጅ የገባ ወረቀት ነው። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥም፣ ሶፍትዌር ላይም፣ እርሻ ላይም የሚሠራ ሰው ውጤቱን በዚያው ቀን ጽፎ ለማይመለከተው ሰው እንኳ ቢልክ አይከስርም።

ሁለተኛው ደንቡን ከሥራው በፊት ማወቅ ነው። አባትና ልጅ ለግሪኒች መጻፍ እንደሚገባ አስበው ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ጭቅጭቅ ባልኖረ ነበር። ደንቡን ከሳቱ በኋላ ያዳናቸው ዓላማውን ይዞ መከራከሩ ነው፤ ያም የሚሠራው ተከራካሪው ስም ያለው ሰው ሲሆን ነው። ይህን ማሳመር አይቻልም። እሷ ሃርቫርድ ውስጥ የሚጽፍላት ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ሀምቡርግ ላይ ያለችው ሴት ስም ዛሬ ማን ያስታውሳል?

ሦስተኛው ስለ ጥንቃቄ ነው። ሁለት ቀን መጠበቋ ሊያሳጣት ነበር። እርግጠኛ ሳይሆኑ ማወጅ ነውር ነው፤ «አንድ ነገር አይቻለሁ፣ እያጣራሁ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ነውር የለበትም። በሁለቱ መሐል ያለውን ልዩነት ለተማሪ ቶሎ ማስተማር ይቻላል።

ስለ ደመወዝ ደግሞ፦ ሽልማት በራሱ ወደ ገንዘብ አይቀየርም። ብቻዋን ዝም ባለችባቸው ዓመታት የተጨመረላት ነገር የለም። ሁለት ሆነው፣ ከወንዶቹ ክፍያ ጋር እያነጻጸሩ ሲጠይቁ ነው የተንቀሳቀሰው።

የማይተርፈውንም መናገር አለብኝ። ማታ ማታ ሰዓት የሚያስተካክል አባት፣ ሴት ልጅን የሚያስተምር ማኅበረሰብ፣ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ የሚያስነብብ ሥራ፤ እነዚህ በመመሪያ የሚፈጠሩ አይደሉም። ጉዳዩን አንብቦ «ዲግሪ አያስፈልግም» የሚል ሰው ካለ ታሪኩን ገልብጦ ይዞታል። እሷ ራሷ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሌሎች ሴቶች ዲግሪ እንዲያገኙ ነው።

ቁም ሳጥኑ

በ1888 መጨረሻ ጤናዋ ተዳከመና ሥራዋን ለቀቀች። ጁን 28 ቀን 1889 በ70 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው ናንታኬት ነው። ኦብዘርቫቶሪውን ተማሪዋ ተረከበች። ትልቁ ቴሌስኮፕ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ተማሪዎቿ ያነሷቸው የፀሐይ ፎቶዎች ግን ተረስተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ቫሳር ውስጥ፣ በዚያው አሮጌ ኦብዘርቫቶሪ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኙ። የመስታወት ኔጋቲቮች ናቸው። ኔጋቲቭ ላይ ብርሃንና ጥላ ይገለበጣል። ፀሐይ ጥቁር ክብ ሆና ትታያለች፤ ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች ደግሞ ነጭ ሆነው።